የጉዞ ገደብ ወረርሽኝን ምን ያህል ያዘገያል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አዲስ በሽታ ተነሣ በተባለ ቁጥር ቀድሞ የሚሰማው ጥያቄ «በረራው ለምን አይቋረጥም? ድንበሩ ለምን አይዘጋም?» የሚለው ነው። ተገቢ ጥያቄ ነው። የሚያስፈራ ነገር ሲመጣ በር መዝጋት ለሰው ልጅ ተፈጥሯዊ ነው። መልሱ ግን በአንድ ቃል የሚያልቅ ስላልሆነ፣ በኮቪድ 19 ዘመን ደጋግመው የተነሡትንና ወደፊትም መነሣታቸው የማይቀረውን ጥያቄዎች እዚህ ሰብስቤአቸዋለሁ። ቀኖቹና ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በአጭሩ፣ የጉዞ ገደብ ወረርሽኝን ያቆማል?

አብዛኛውን ጊዜ አያቆምም፤ ያዘገያል። ገደቡ ቀደም ብሎ ከመጣ፣ ጥብቅ ከሆነና በአገር ውስጥ ከሚወሰዱ እርምጃዎች ጋር ከተቀናጀ ጥቂት ቀናትን፣ አንዳንዴም ሳምንታትን ያስገኛል። ጥቂት ደሴቶች ወራትንና ዓመታትን አግኝተውበታል። ዘግይቶ የመጣ፣ ቀዳዳ የበዛበትና ብቻውን የቆመ ገደብ ግን ፋይዳው እጅግ ትንሽ ነው።

ስለዚህ በእኔ እምነት ትልቁ ጥያቄ «በተገኙት ቀናት ምን ተሠራ?» የሚለው ነው። ቀናቱ የሆስፒታል አልጋ ለማዘጋጀት፣ የመመርመሪያ ኬሚካል ለማከማቸት፣ የንክኪ ልየታ ሠራተኞችን ለማሠልጠን ካልዋሉ በውድ ዋጋ የተገዛ ጊዜ ባክኗል ማለት ነው።

«ያዘገያል» ሲባል ስንት ቀን ነው? ከተጓዦች 90 በመቶው ከቀሩ ወረርሽኙም 90 በመቶ አይቀንስም?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ረጋ ብለን እንየው። ወረርሽኝ በመነሻው ሰሞን የሚያድገው በመደመር አይደለም፤ በመባዛት ነው። የተያዙት ሰዎች ቁጥር በየሦስት ቀኑ እጥፍ የሚሆንበትን በሽታ እናስብ። ኮቪድ 19 ልጓም ባልተደረገበት ብዙ ቦታ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በዚህ ፍጥነት ገደማ ይሮጥ ነበር።

በሽታው ከተነሣበት አገር በቀን 100 የተያዙ ሰዎች ይገቡ ነበር እንበል። ጉዞው በ90 በመቶ ተቀነሰና 10 ብቻ መግባት ጀመሩ። ትልቅ ድል ይመስላል። ነገር ግን በሽታው በመነሻው አገር ማደጉን አላቆመም። በሦስት ቀን እጥፍ፣ በስድስት ቀን አራት እጥፍ፣ በዘጠኝ ቀን ስምንት እጥፍ፣ በ10 ቀን ገደማ 10 እጥፍ ይሆናል። ያን ጊዜ ተጓዡ በ90 በመቶ ቢያንስም ከመካከሉ የተያዘው ድርሻ በዝቷልና በቀን የሚገቡት ሕሙማን ተመልሰው 100 ይሆናሉ። በ90 በመቶ ገደብ የተገዛው ጊዜ 10 ቀን ነው ማለት ነው። ጉዞው በ99 በመቶ ቢቀነስ 20 ቀን ይገኛል። በግማሽ ብቻ መቀነስ የሚያስገኘው ግን ሦስት ቀን ነው።

አሁን ደግሞ በሽታው እጥፍ የሚሆነው በየአምስት ቀኑ ነው እንበል። ያው 90 በመቶ ገደብ 17 ቀን ያህል ይገዛል። ስርጭቱ ሲቀዘቅዝ የእያንዳንዱ ገደብ ዋጋ ከፍ ይላል። ማስክ ማድረግ፣ ሕሙማንን ቶሎ መለየት፣ መሰባሰብን መቀነስና የጉዞ ገደብ እርስ በርስ የሚደጋገፉት ለዚህ ነው። «ከሁለቱ የትኛው ይሻላል?» ብሎ ማነጻጸር ራሱ ነገሩን ማዛባት ይመስለኛል።

በተግባር የታየውም ከዚህ ስሌት ብዙ አይርቅም። በ2009 ዓ.ም. የኤች1ኤን1 ኢንፍሉዌንዛ ሲነሣ ወደ ሜክሲኮና ከሜክሲኮ የሚደረገው የአየር ጉዞ በ40 በመቶ ገደማ ወርዶ ነበር። ተመራማሪዎች በኋላ ሲያሰሉት ቅነሳው ቫይረሱ ወደ ሌሎች አገሮች የሚደርስበትን ጊዜ በአማካይ ያዘገየው ከሦስት ቀን ባነሰ ነው። ጃንዋሪ 23 ቀን 2020 ቻይና የዉሃንን ከተማ ስትዘጋ ደግሞ፣ እንደ አንድ ታዋቂ ጥናት፣ እርምጃው በዋናው ቻይና ውስጥ የወረርሽኙን ግስጋሴ ያዘገየው ከ3 እስከ 5 ቀን ብቻ ነበር። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ የከተማዋ ከንቲባ ራሳቸው እንደተናገሩት ከመዘጋቷ በፊት 5 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ለበዓል ወጥተው ነበር። በሌላ በኩል ወደ ውጭ አገር የሚሄዱት ሕሙማን እስከ ፌብሩዋሪ አጋማሽ ድረስ በ80 በመቶ ገደማ ቀንሰዋል። ያው ጥናት ያከለው ነጥብ ደግሞ ሁልጊዜ ሊታወስ ይገባል፦ ከቻይና ጋር የሚደረገው ጉዞ በ90 በመቶ ቢቀነስ እንኳ፣ በማኅበረሰብ ውስጥ ያለው ስርጭት ቢያንስ በግማሽ ካልቀነሰ ውጤቱ መጠነኛ ነው።

ድንበራቸውን ዘግተው የዳኑ አገሮች የሉም?

አሉ። ከሁሉ ይልቅ ልብ የሚነካው የሁለቱ ሳሞአዎች ታሪክ ነው። በ1918 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ተብሎ የሚታወቀው ኢንፍሉዌንዛ ዓለምን ሲያዳርስ፣ በፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ ጎረቤት የሆኑት ምዕራብ ሳሞአና የአሜሪካ ሳሞአ አንድ ሕዝብ፣ አንድ ቋንቋ ነበራቸው። የተለያዩት በአስተዳደር ብቻ ነው። ኖቬምበር 7 ቀን 1918 ታሉን የተባለች መርከብ ከኒውዚላንድ ተነሥታ በምዕራብ ሳሞአዋ አፒያ ወደብ ደረሰች። ሕሙማን ተሳፍረውባት ነበር፤ ሆኖም መንገደኞቹ እንዲወርዱ ተፈቀደ። ከዚያ በኋላ ባሉት ሳምንታት 8,500 ያህል ሰዎች አለቁ። ይህም ከሕዝቡ ከአምስት አንዱ በላይ ነው። በአሜሪካ ሳሞአ ግን አስተዳዳሪው ጆን ፖየር የበሽታውን ዜና እንደሰሙ የሚመጡ መርከቦች በለይቶ ማቆያ እንዲቆዩ አስገደዱ፤ ነዋሪዎቹም የባሕር ዳርቻቸውን ጠበቁ። በዚያ በኢንፍሉዌንዛው አንድም ሰው አልሞተም። የምዕራብ ሳሞአ ቁስል ሳይሽር ኖሮ፣ በ2002 ዓ.ም. የኒውዚላንድ ጠቅላይ ሚኒስትር ሔለን ክላርክ በአገራቸው ስም ይቅርታ ጠይቀዋል።

አውስትራሊያም በዚያው ጊዜ በወደቦቿ ላይ ጥብቅ ለይቶ ማቆያ በመጣሏ በሽታው በስፋት የገባባት በ1919 መጀመሪያ ነው። ከመግባት አልቀረም፤ የሞቱ መጠን ግን ከብዙ አገሮች ያነሰ ሆነ።

በእኛ ዘመን ብዙ የሚጠቀሰው የኒውዚላንድ ምሳሌ ነው። ማርች 19 ቀን 2020 ነዋሪ ላልሆኑ ሰዎች ድንበሯን ዘጋች። በሳምንት ውስጥ ሕዝቡ ከቤት እንዳይወጣ ተደረገ። ከኤፕሪል 10 ጀምሮ ደግሞ ተመላሽ ዜጎች ሁሉ መንግሥት በሚያስተዳድረው ሆቴል 14 ቀን እንዲቆዩ ተወሰነ። ጁን 8 ላይ በአገሪቱ አንድም የታወቀ ሕመምተኛ አልነበረም። 2021 ሲያበቃ በኮቪድ የሞቱባት ሰዎች ከ100 በታች ነበሩ። ኦሚክሮን የተባለው የኮቪድ ዝርያ በ2022 መጀመሪያ በስፋት ሲዛመትባት አብዛኛው ጎልማሳ ሁለት ዙር ክትባት ወስዶ ጠበቀው። የተገዛው ጊዜ ክትባቱ እስኪደርስ ድልድይ ሆነ። ጊዜን በአግባቡ ስለመጠቀም ከተባለ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አላውቅም።

ነገር ግን እነዚህ ሁሉ ደሴቶች መሆናቸው ሊረሳ አይገባም። የሚገባባቸው በር ጥቂት ነው፤ በየብስ በእግር ተሻግሮ የሚመጣ ሰው የለም። ረጅም የየብስ ድንበር ያላቸው፣ ሠራተኛውና ነጋዴው በየቀኑ የሚመላለስባቸው አገሮች ኬላውን ሲዘጉ ጉዞው ቁጥጥር ወደሌለበት መንገድ ይዞራል። ያን ጊዜ ማን እንደገባ፣ ከማን ጋር እንደተገናኘ ማወቅ ራሱ ያዳግታል።

ታዲያ በሌሎች አገሮች ለምን አልተሳካም?

በአብዛኛው ዘግይቶ ስለመጣ ነው። አዲስ በሽታ «ተገኘ» የሚባለው ሐኪሞች ያልተለመደ ሕመም አስተውለው፣ ናሙና ተልኮ፣ ላቦራቶሪ አረጋግጦ፣ ባለሥልጣናትም ካመኑበት በኋላ ነው። ይህ ሁሉ እስኪሆን ቫይረሱ ተሳፍሮ ከሄደ ሰንብቷል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ የሚባለው ዓይነት ነው።

ዩናይትድ ስቴትስ ከቻይና የሚመጡ የውጭ ዜጎችን የሚያግድ ውሳኔ ያወጀችው ጃንዋሪ 31 ቀን 2020 ነበር። በአገሪቱ የመጀመሪያው ሕመምተኛ ግን ከዚያ አሥር ቀን ገደማ ቀድሞ ተረጋግጦ ነበር። ዜጎችንና ቋሚ ነዋሪዎችን እገዳው ስለማይመለከታቸው መግባታቸውን ቀጠሉ። ቫይረሱ በዜግነት እንደማይመርጥ ግን የታወቀ ነው። ከሁሉ የከፋው ደግሞ የሁሉ ዓይን ወደ ቻይና ሲያይ በሽታው በሌላ በር መግባቱ ነው፤ በኋላ የተደረገው የቫይረሱ የዘረመል ምርመራ እንዳሳየው በኒውዮርክ የተዛመተው ቫይረስ በአብዛኛው የመጣው ከአውሮፓ ነበር። ከአውሮፓ በሚመጡት ላይ ገደቡ የተጣለው በማርች አጋማሽ ነው። ያውም በድንገት ስለታወጀ በውጭ የነበሩ አሜሪካውያን በአንድ ጊዜ ወደ አገራቸው ሮጡ። በትልልቅ አየር ማረፊያዎች ውስጥም ሰዎች ተጨናንቀው ለሰዓታት ተሰለፉ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ ለመከላከል የወጣው ትእዛዝ መተላለፊያ ሆነ።

በሽታው የተገኘበትን አገር ብቻ ማገድስ?

በመርሕ ደረጃ የሚያስኬድ ይመስላል። ችግሩ «የተገኘበት» እና «ያለበት» አንድ አለመሆናቸው ነው።

በኖቬምበር 2021 የደቡብ አፍሪካ ሳይንቲስቶች አዲስ የቫይረስ ዝርያ ማግኘታቸውን በፍጥነትና በግልጽ ለዓለም አሳወቁ። የዓለም ጤና ድርጅት ኖቬምበር 26 ቀን ዝርያውን ኦሚክሮን ብሎ ሰየመው። በሰዓታት ውስጥ አገሮች በደቡባዊ አፍሪካ ላይ በራቸውን መዝጋት ጀመሩ። ዩናይትድ ስቴትስ ስምንት አገሮችን አገደች፤ ማላዊና ሞዛምቢክ ሳይቀሩ ከዝርዝሩ ውስጥ ገቡ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ኔዘርላንድ በቤተ ሙከራ የነበሩ ናሙናዎችን መልሳ ስትመረምር ኦሚክሮን ኖቬምበር 19 ቀን በተወሰደ ናሙና ውስጥ ተገኘ። ዝርያው ዜናው ከመሰማቱ በፊት አውሮፓ ውስጥ ነበር ማለት ነው። በኔዘርላንድ ላይ ግን በስምንቱ አገሮች ላይ የወረደው ዓይነት የእገዳ ናዳ አልወረደም።

እዚህ ላይ ስሜቴን መደበቅ አልፈልግም፤ ይህ ፍትሕ የጎደለው ብቻ አልነበረም፣ ለሚቀጥለውም ወረርሽኝ አደገኛ ትምህርት ነበር። በሽታን ቶሎ ያገኘና በሐቀኝነት የተናገረ አገር የሚጠብቀው ቅጣት ከሆነ፣ ሌላ ጊዜ ዝም ማለት ይቀልለዋል። የዓለም የማስጠንቀቂያ ሥርዓት የቆመው በፈቃደኛ ሐቀኝነት ላይ ነው። በረራዎቹ ሲቋረጡም ለምርመራው የሚያስፈልጉ ኬሚካሎች ወደ ደቡብ አፍሪካ መድረሳቸው አሳሳቢ እንደሆነ ሳይንቲስቶቹ ተናግረዋል። ቫይረሱን ያገኙትን እጆች ማሰር ማለት ይህ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ አንቶኒዮ ጉቴሬዝ ነገሩን «የጉዞ አፓርታይድ» ብለውት ነበር።

በአየር ማረፊያ የሰውነት ሙቀት መለካት ይጠቅማል?

በጣም ጥቂት። በ2003 ዓ.ም. ሳርስ የተባለው የመተንፈሻ አካል በሽታ በተነሣ ጊዜ ካናዳ በአየር ማረፊያዎቿ በሚሊዮኖች የሚቆጠሩ መንገደኞችን አጣራች፤ በዚህ መንገድ የተገኘ አንድም የሳርስ ሕመምተኛ አልነበረም። በ2014 ዓ.ም. በምዕራብ አፍሪካ በኢቦላ ወቅት ከአገር የሚወጡት ሁሉ ሙቀታቸው ይለካ ነበር። ያም ሆኖ ሙቀት ያልነበረው አንድ መንገደኛ አልፎ አሜሪካ ዳላስ ከተማ ከደረሰ ከቀናት በኋላ ታመመ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ሰው በበሽታው ከተያዘ በኋላ ምልክት እስኪታይበት ቀናት ያልፋሉ፤ በእነዚያ ቀናት ቴርሞሜትሩ ምንም አያሳይም። ትኩሳት ያለበትም ማስታገሻ ውጦ ሊያልፍ ይችላል። መንገደኛው መረጃ እንዲያገኝና ቢታመም ወዴት እንደሚደውል እንዲያውቅ ማድረግ ከመለኪያው የበለጠ ይረዳል።

ምርመራና ለይቶ ማቆያስ? በር ከመዝጋት አይሻልም?

በእኔ ግምት አዎ፣ በትክክል ከተሠራ። ሐሳቡም አዲስ አይደለም። ዛሬ ዱብሮቭኒክ የምትባለው ራጉዛ በ1377 ዓ.ም. ቸነፈር ካለበት አገር የሚመጡ ሰዎች ወደ ከተማ ከመግባታቸው በፊት አንድ ወር ተለይተው እንዲቆዩ ደነገገች። በኋላ ቀኑ ወደ 40 ከፍ አለ፤ ኳራንቲን የሚለው ቃል የመጣውም 40 ከሚለው የጣልያንኛ ቃል ነው።

የቀኑ ብዛት የሚወሰነው በበሽታው ጠባይ ነው። በመጀመሪያው የኮቪድ ዝርያ ከተያዙትና ምልክት ካሳዩት ሰዎች ግማሹ ምልክት ያዩት በአምስት ቀን ገደማ ውስጥ ነው፤ በ12 ቀን ውስጥ ከመቶው 97 ያህሉ አይተዋል። የ14 ቀኑ ደንብ መሠረቱ ይህ ነበር። ምርመራ ሲጨመርበት ቀኑን ማሳጠር ይቻላል። ከጉዞ በፊት የሚደረግ አንድ ምርመራ ብቻውን ግን አስተማማኝ አይደለም። ትናንት የተያዘ ሰው ዛሬ ቢመረመር ነጻ ተብሎ ሊያልፍ ይችላልና።

ለዚህ የኪሪባቲ ምሳሌ ያሳዝናል። ደሴቲቱ አገር ለሁለት ዓመት ያህል ከኮቪድ ተጠብቃ ኖራ በጃንዋሪ 2022 ድንበሯን ስትከፍት፣ በመጀመሪያው በረራ ከገቡት 54 መንገደኞች 36ቱ ተይዘው ተገኙ። ሁሉም ከመሳፈራቸው በፊት ተለይተው ቆይተውና ተደጋጋሚ ምርመራ አድርገው ነበር። ብዙም ሳይቆይ በሽታው ወደ ማኅበረሰቡ ገባ።

የለይቶ ማቆያ ጥንካሬ የሚለካው በደካማው ቦታው ነው። በአውስትራሊያዋ ሜልቦርን በ2020 አጋማሽ ቫይረሱ ከለይቶ ማቆያ ሆቴሎች በሠራተኞች በኩል አምልጦ ከ700 በላይ ሰዎች የሞቱበትን ሁለተኛ ዙር አስነሣ። ከተማዋም ከ100 ቀን በላይ ተዘጋች። በር ላይ የሚቆመው ጥበቃ፣ አልጋ የሚያነጥፈው ሠራተኛ፣ የክፍሉ አየር ማስወጫ፣ የሠራተኛው የሕመም ፈቃድ ክፍያ ሁሉ የሕክምና ጉዳይ ነው። ደመወዙ ስለማይበቃው በሁለት ቦታ የሚሠራ ጥበቃ ቫይረሱን ከአንዱ ወደ ሌላው ሊያደርስ ይችላል።

በአገር ውስጥ ከከተማ ወደ ከተማ መጓዝን መከልከልስ?

ስሌቱ ያው ነው፤ አደጋው ግን አንድ ይጨምራል፤ መሸሽ። ማርች 7 ቀን 2020 ሰሜን ኢጣሊያ ሊዘጋ ነው የሚለው ረቂቅ ከመታወጁ በፊት ሲሰማ ሰዎች በሌሊት ወደ ሚላኖ ባቡር ጣቢያ ጎረፉ። በዚያው ወር ሕንድ በአራት ሰዓት ማስጠንቀቂያ ብቻ አገሪቱን ስትዘጋ ሥራቸውን ያጡ ሚሊዮኖች ከትልልቅ ከተሞች ወደ ትውልድ መንደራቸው በእግር ጭምር ተጓዙ። ሰው የሚበላውና የሚያድርበት ሳይኖረው «ባለህበት ቆይ» ማለት ትእዛዝ ቢሆንም ተግባራዊ ሊሆን አይችልም። የሚዘጋ አካባቢ አስቀድሞ ምግብ፣ ገንዘብና መጠለያ ሊዘጋጅለት ይገባል።

በሽታው አገር ውስጥ ከተስፋፋ በኋላ ድንበር መዝጋት ጥቅም አለው?

ትንሽ ነው። በአገር ውስጥ በቀን 10,000 ሰዎች እየተያዙ ከውጭ 20 ሕሙማን ቢገቡ፣ ሃያውን ማስቀረት የወረርሽኙን አቅጣጫ አይለውጠውም። በአገር ውስጥ በቀን የሚያዙት አምስት ሲሆኑ ግን እነዚያው 20 ሰዎች ሁሉንም ነገር ይወስናሉ። አንድ ገደብ ተገቢ መሆኑን ለማወቅ መጀመሪያ ይህን ንጽጽር ማየት ያስፈልጋል። ልዩ ሁኔታ የሚሆነው ከውጭ የሚመጣው ዝርያ በአገር ውስጥ ካለው በእጅጉ የተለየ ሲሆን ነው።

ለሁሉም በሽታ ውጤቱ አንድ ነው?

አይደለም። ወሳኙ ነገር ሰው በሽታውን ማስተላለፍ የሚጀምረው መታመሙን ከማወቁ በፊት ነው ወይስ በኋላ የሚለው ነው። ሳርስ ይበልጥ የሚተላለፈው ሕመሙ ከጸና በኋላ ስለነበር ሕሙማንን ለይቶ ማስቀመጥ በቃው፤ ከ8,000 በላይ ሰዎችን ይዞ፣ 774 ገድሎ በጁላይ 2003 በቁጥጥር ሥር ዋለ። ኢቦላም ምልክት ከመታየቱ በፊት አይተላለፍም። ኢንፍሉዌንዛን ግን ሰው ምልክት ከመታየቱ ባንድ ቀን ቀድሞ ሊያስተላልፈው ይችላል፣ ከአንዱ ሰው ወደ ሌላው የሚሸጋገርበት ጊዜም አጭር ነው። ስለዚህ የጉዞ ገደብ በእሱ ላይ ጉልበቱ ደካማ ነው። ኮቪድ በሁለቱ መካከል ሆኖ ምልክት በሌላቸው ሰዎችም ይተላለፋል።

ፈጽሞ ትርጉም የሌለው እገዳም ታይቷል። ዩናይትድ ስቴትስ ከ1987 ጀምሮ እስከ ጃንዋሪ 2010 ድረስ ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለባቸው የውጭ ዜጎች እንዳይገቡ ስትከለክል ቆይታለች፤ ቫይረሱ ግን በአገሪቱ ውስጥ አስቀድሞ ተስፋፍቶ ነበር። ለሃያ ሁለት ዓመት ያህል ሰዎችን ያሸማቀቀ እንጂ በሽታን የከለከለ አልነበረም።

ገደቡ የሚያስከትለው ጉዳት ምንድን ነው?

ስለ ቱሪዝምና ስለ አየር መንገዶች ኪሣራ ብዙ ስለተባለ ልለፈው። እምብዛም ያልተነገረላቸው ባሕርተኞች ናቸው። በ2020 መጨረሻ ወደ 400,000 የሚጠጉ የመርከብ ሠራተኞች ውላቸው አልቆ እንኳ ወደብ ላይ መውረድ ስላልተፈቀደላቸው በመርከብ ላይ ታግተው ነበር። የዓለምን እህልና መድኃኒት የሚያጓጉዙት እነሱ ናቸው።

በኢቦላ ጊዜ በረራዎች ሲቋረጡ ሐኪሞችና የሕክምና ቁሳቁስ ወረርሽኙ ወዳለበት መድረስ አዳገታቸው። እሳቱ ባለበት ቦታ ካልጠፋ ለሁሉም ስጋት ነውና፣ በሽታውን በምንጩ የሚዋጉትን ማገድ ራስን መጉዳት ነው። የዜጋ ወደ አገሩ የመመለስ መብትም አለ። በኒውዚላንድ የለይቶ ማቆያ ክፍል የሚደለደለው በዕጣ ስለነበር እናት ልጇን፣ ሰው በሞት አፋፍ ያለ ወላጁን ሳያይ የቀረበት ጊዜ ነበር። የአገሪቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤትም በ2022 ዓ.ም. አሠራሩ የአንዳንድ ዜጎችን መብት ያለ በቂ ምክንያት እንደጣሰ ፈርዷል። አሠራሩ ሕይወት ማትረፉና ሰዎችን መበደሉ ሁለቱም እውነት ናቸው።

ዓለም አቀፍ ሕግ ምን ይላል?

በ2005 ዓ.ም. የጸደቀውና ከ2007 ጀምሮ የሚሠራበት ዓለም አቀፉ የጤና ደንብ አገሮች ተጨማሪ እርምጃ እንዲወስዱ ይፈቅዳል። እርምጃው ግን በሳይንስ የተደገፈ እንጂ ከሚያስፈልገው በላይ የሚከብድ መሆን የለበትም። መንገደኛን የሚከለክል ወይም ከ24 ሰዓት በላይ የሚያዘገይ አገር በ48 ሰዓት ውስጥ ምክንያቱን ለዓለም ጤና ድርጅት ማሳወቅ አለበት። ድርጅቱ ግን የሚያስገድድበት ክንድ የለውም። ጃንዋሪ 30 ቀን 2020 አስቸኳይ ሁኔታ ሲያውጅ የጉዞ ገደብ እንዲጣል አልመከረም ነበር፤ አገሮቹ ግን የየራሳቸውን መንገድ ሄዱ።

ጥናቶቹ ምን ያህል ይታመናሉ?

በጥንቃቄ። ኮክሬን የተባለው የሕክምና ማስረጃ ገምጋሚ ተቋም በ2021 ዓ.ም. 62 ጥናቶችን ሲመረምር አብዛኞቹ የሒሳብ ሞዴሎች ሆነው አግኝቷቸዋል፤ የማስረጃውንም አስተማማኝነት ዝቅተኛ ብሎታል። ችግሩ ገብቶኛል፤ አገሮች ድንበር የዘጉት ትምህርት ቤት በዘጉበት፣ ማስክ ባስገደዱበት በዚያው ሳምንት ነው። ውጤቱን ለአንዱ ለይቶ መስጠት ከባድ ነው። አቅጣጫው ግን ከጥናት ጥናት ይመሳሰላል፤ ቀድሞ መውሰድ ይረዳል፣ የኋላው ጥቅሙ ያንሳል፣ ብቻውን አይበቃም።

ገደቡ መቼ መነሣት አለበት?

ሲጣል የሚነሣበትም ጊዜ አብሮ መነገር አለበት። ምን ለማግኘት እንደተጣለ፣ በየስንት ቀኑ እንደሚመዘን፣ ምን ሲታይ እንደሚነሣ በመጀመሪያው ቀን ሊጻፍ ይገባል። ብሪታንያ በኦሚክሮን ምክንያት በ«ቀይ ዝርዝር»፣ ማለትም ጥብቅ የጉዞ ገደብ በተጣለባቸው አገሮች ዝርዝር፣ ያስገባቻቸውን 11 የአፍሪካ አገሮች ዲሴምበር 15 ቀን 2021 አስወጣች። ዝርያው በራሷ ከተሞች በስፋት በመዛመቱ ዝርዝሩ ትርጉም እንዳጣ አምና ነው። ሦስት ሳምንት እንኳ አልሞላም ነበር።

የተገላቢጦሹም ታይቷል። ዩናይትድ ስቴትስ በማርች 2020 በአውሮፓ መንገደኞች ላይ የጣለችውን እገዳ ያነሣችው ኖቬምበር 8 ቀን 2021 ነው። በእነዚያ ሃያ ወራት በአገሪቱ ውስጥ በአስር ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ሰዎች ተይዘዋል፤ በሁለቱ አህጉራት የተለያዩ እጮኛሞች፣ አያቶችና የልጅ ልጆች ግን በር እስኪከፈት ጠበቁ። በሩ በተከፈተ በሦስት ሳምንቱ የኦሚክሮን እገዳ መጣ።